ከዴንቨር ሎስ አንጀለስ በበረዶ ወራት፦ በየትኛው መንገድ?

የአሜሪካ ክረምት የሚገባው እኛ አገር አዝመራ ተሰብስቦ ገና ሲቃረብ ነው። በዴንቨርና ከጎኗ ባለችው አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የሚሄዱ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። እኔና ባለቤቴም ባለፈው ታኅሣሥ ልጃችን ቤት ነበርን። ገናን ሎስ አንጀለስ ካለው ወንድሟ ጋር እንድናከብር ታሰበና «አር ቪ» ተከራየን። አር ቪ የሚሉት አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው፣ ቤትም መኪናም የሆነ ተሽከርካሪ ነው። ተሳፋሪዎቹ ስድስት ነን፦ ልጃችንና ባሏ፣ የሰባት ዓመትና የስምንት ወር ልጆቻቸው፣ እንዲሁም እኛ ሁለት አዛውንቶች። ባለቤቴ ኢንሱሊን ይወጋል።

ክርክሩ የተነሳው መንገድ መምረጥ ላይ ነው። አጭሩ መንገድ ኢንተርስቴት 70 የሚባለው አውራ ጎዳና ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሮኪ ተራሮችን አቋርጦ ዩታ ይገባል፤ ከዚያ በኢንተርስቴት 15 በላስ ቬጋስ አድርጎ ሎስ አንጀለስ ያደርሳል። ርዝመቱ 1,640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አማቻችን የእረፍት ቀኖቹ የተቆጠሩ ስለሆኑ ይህን መረጠ።

ነገር ግን ይህ ጎዳና 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ሌላ አንድ ሺህ ሜትር እንደ መጨመር ነው። ዋሻው ሲያልቅ ደግሞ 3,250 ሜትር ላይ ያለው የቬይል መተላለፊያ ይጠብቃል። ከባድ በረዶ ሲጥል መንገዱ ለሰዓታት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ዩታ ከገቡ በኋላ ደግሞ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳሊና 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ ማደያ የለም።

ሁለተኛው አማራጭ ወደ ሰሜን ወጥቶ ዋዮሚንግ ውስጥ ኢንተርስቴት 80ን መያዝ ነው። ተራራው ዝቅ ይላል፤ ነፋሱ ግን ከፍ ያለ መኪና ይገለብጣል። በላራሚና በሮሊንስ መካከል ነፋስ ሲበረታ ቀላልና ረጃጅም ተሽከርካሪዎች እንዳያልፉ ይከለከላል። የዚህ መንገድ ታሪክ ያስተምራል። መሐንዲሶቹ የቀድሞውን መንገድ ትተው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲያሳጥር ብለው በኤልክ ተራራ ሥር ቀየሱት። የአካባቢው ከብት አርቢዎች «እዚያ ክረምቱ አይቻልም» ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ጥቅምት ላይ ተከፈተ፤ በቀናት ውስጥም የመጀመሪያው የበረዶ ማዕበል መታው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

እኔ ያልኩት የደቡቡን ነው። በኢንተርስቴት 25 ቁልቁል ወደ ኒው ሜክሲኮ ወርዶ፣ ላስ ክሩሰስ ላይ ኢንተርስቴት 10ን ይዞ፣ በቱሳንና በፊኒክስ ማለፍ። ከአልበከርኪ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው ኢንተርስቴት 40 ያሳጥራል፤ ሆኖም 2,100 ሜትር ላይ ባለችው በበረዷማዋ ፍላግስታፍ ስለሚያልፍ ተውነው። የደቡቡ መንገድ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአጭሩ በ660 ይበልጣል። እንዲህ ያለ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር ከ25 ሊትር በላይ ቤንዚን ስለሚጠጣ ጭማሪው ቀላል አይደለም። ግን ከባዱ መተላለፊያ አንድ ነው፤ 2,388 ሜትር ላይ ያለው ራቶን። አንድን በር የጠራ ቀን ጠብቆ ማለፍ ይቻላል፤ ሦስትና አራት በር በተከታታይ እንዲጠራ መመኘት ግን ከባድ ነው።

አማቻችን «እማዬ፣ ከፍታውን እንደሆነ አዲስ አበባ ለምደውታል» አለኝ። ልክ ነው፤ እኔን ያስፈራኝ ከፍታው ሳይሆን መንገድ ተዘግቶ በብርድ መቆሙ ነው። ኢንሱሊን አንዴ ከበረደና ከረጋ ቢቀልጥም አይወጋም፤ ይጣላል። ሞተር እያስነሱ ለመሞቅ ሲሞከር በረዶ የጭስ ማውጫውን ከደፈነው መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ስንቱን ቤተሰብ እንደጎዳ እኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ያው ጋዝ ነው፣ ሽታ የለውም። ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ፈጥኖ ሙቀቱን ያጣል። ልጄ ይህን ስትሰማ «በደቡብ እንሂድ» አለች፤ ባሏም ሁለት የእረፍት ቀን ጨመረ።

ሰማዩ በጠራበት ቀን ማለዳ ተነስተን ራቶንን በቀትር አለፍን። ያንን ሌሊት በኒው ሜክሲኮዋ ላስ ቬጋስ አደርን፤ የቁማሯ ከተማ ሞክሼ ናት። በማግስቱ ላስ ክሩሰስ፣ በሦስተኛው ቀን ቱሳን። እዚያ ካፖርት ወለቀ። ከፎቅ ቤት የሚስተካከሉት የሳጓሮ ቁልቋሎች የልጅ ልጄን አስደነቁት። አራተኛውን ሌሊት ያሳለፍነው ኳርትዝሳይት በምትባል የበረሃ ከተማ ነው። ከሰሜን ብርድ የሸሹ ጡረተኞች በየክረምቱ አር ቪያቸውን ይዘው ይሰፍሩባታል፤ «የበረዶ ወፎች» ይሏቸዋል። አያቶች ወንበር አውጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ሳይ ወገኖቼን ያገኘሁ መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ሎስ አንጀለስ ገባን፤ ዶሮው ተገንጥሎ ይጠብቀን ነበር።

በነገራችን ላይ በእነዚያ ቀናት ኢንተርስቴት 70 ክፍት ነበር። አማቻችን እየሳቀ ነግሮኛል። እኔም ክትባት የሚሰጠው ላልታመመ ልጅ ነው አልኩት።

እንዲህ ያለ ጉዞ ለምታስቡ ወላጆችና አያቶች፦ ከመነሳታችሁ በፊት በ511 ስልክ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ይሠራል። የጋዝ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን አረጋግጡ፤ ምድጃ ለማሞቂያ አታብሩ። ኢንሱሊን ከመስኮትና ከግድግዳ አርቃችሁ በልብሳችሁ ሥር ያዙ። መኪናው ሲሄድ ልጅ አልጋ ላይ አይተኛ፤ በወንበሩ ይታሰር፣ ቀበቶው ሥር ወፍራም ካፖርት አይኑር፤ ብርድ ልብሱ ከላይ ይደረብ። በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ እግራችሁን አንቀሳቅሱ። በኢንተርስቴት 10 አቧራ ከተነሳ ከመንገዱ ፈጽማችሁ ውጡ፣ መብራት አጥፉ፣ እግር ከፍሬን ይነሳ፤ ከኋላ ያለው መብራታችሁን ተከትሎ እንዳይገጫችሁ ነው። መንገድ ሲመረጥም ዝም አትበሉ፤ ልጆቻችን ስልካቸው «ፈጣን» ያለውን ያያሉ፣ መድኃኒቱ በማን ቦርሳ እንዳለ የምናውቀው ግን እኛ ነን።