ካርድ ካለው

ደቡብ ሱዳን በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነፃ ስትወጣ እንጀራ ፍለጋ ጁባ የገባን ሀበሾች፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ውስጥ ያረፍንበት ግቢ በሩ ላሜራ ነበር። ማታ ሰንሰለት ይጠመጠምበትና በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉ ሽማግሌው ዘበኛ ኪስ ውስጥ ነው። እሳቸው አማርኛ አያውቁም፤ የእኛም የጁባ ዓረብኛ ከሰላምታ አያልፍም። ግን ማን ወባ ጥሎት እንደዋለ፣ ማን ከሥራ እንዳልተመለሰ ያውቃሉ። ያልገባ ሰው ካለ አይተኙም።

ጁላይ 2016 ከተማው በተኩስ ሲናጥ ከመንገድ የሸሸ ሁሉ በዚያ በር ገባ። ጎመን ሻጯ፣ የቦዳ ቦዳ (የሞተር ታክሲ) ነጂው፣ የማን እንደሆኑ የማናውቃቸው ልጆች። መታወቂያ የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬ ግቢው ፎቅ ሆኗል፤ መግቢያው ላይ የአሻራና የካርድ ማንበቢያ ተገጥሟል። ጥቅሙ አይካድም፤ የጁባ የሌሊት ዘረፋ ስንቱን አስለቅሷል። ካርድ ቢጠፋ ካርዱን መሰረዝ እንጂ የበሩን ቁልፍ መቀየር የለም፤ ማን በስንት ሰዓት እንደገባም ተመዝግቦ ይቀመጣል።

አሻራው ላይ ነው ቅሬታዬ። ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ፣ በረኪና የበላው ጣት መስመሩ ይጠፋል። ልብስ የምታጥብልን እህታችን ጠዋት ጠዋት አውራ ጣቷን ትጫናለች፤ ቀይ ይበራል። በነጠላዋ ጠርጋ ትደግማለች፤ ቀይ። በአመልካች ጣቷ ትሞክራለች፤ አሁንም ቀይ። ቢሮ የሚውለው ተከራይ ከኋላዋ መጥቶ ነካ ሲያደርገው አረንጓዴ ይበራና ቀድሟት ይገባል። ግንበኞቹም እንደሷ ናቸው፤ የገነቡት ቤት አሻራቸውን አያውቀውም።

በሩን የሚይዘው ደግሞ ማግኔት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይለቃል። እሳት ቢነሳ ሰው ውስጥ እንዳይቀር ተብሎ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን መብራት በሚጠፋበት ከተማ መጠባበቂያው ባትሪ የደከመ ዕለት በሩ ጠቅ ብሎ ይከፈታል፣ ዘበኛውም ሰንሰለት ፍለጋ ይሮጣል።

የአሁኑ ዘበኛ ትሑት ወጣት ነው። ለእንግዳ በር የመክፈት ሥልጣን ግን የለውም፤ ሲስተሙ ያለው አስተዳዳሪው ስልክ ላይ ነው፣ አስተዳዳሪው ደግሞ ካምፓላ። በቀደም፣ «ወንድሜ፣ እንደዚያ ጊዜ ተኩስ ቢነሳ ከመንገድ ለሚሸሽ ሰው ትከፍታለህ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «ካርድ ካለው» አለኝ።