ሹሩባ በፈቃድ

እሑድ ከሰዓት ደጃፍ ላይ ሹሩባ የሚሠሩ እናቶቻችን «የመንግሥት ፈቃድሽን አሳዪ» ቢባሉ ምን ይሉ ነበር? ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

ፓሜላ ፌረልና ባለቤቷ ታሊብ-ዲን ኡቅዳህ «ኮርንሮውስ ኤንድ ኮምፓኒ» የሚባል ቤት ከፍተው የጥቁር ሴቶችን ፀጉር ይጎነጉኑ ነበር። ከተማዋ «የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ የላችሁም» ብላ ተነሣችባቸው። ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ፀጉርን በኬሚካል ማለስለስና ቀለም መቀባትን የመሳሰለውን መማር ግድ ነበር። በእነሱ ደጅ ግን ኬሚካል አያልፍም ነበር! ትምህርቱም ስለ ጉንጉን የሚለው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከተማዋን ከሰሱ። ፍርድ ቤት አልቀናቸውም፤ ሆኖም ጩኸታቸው ሰሚ አግኝቶ ሕጉ ተቀየረ።

እኔን የሚያበሳጨኝ የፈቃዱ ጥያቄ አይደለም። ፀጉራችንን የሚያቃጥለው «ሙያ» ተብሎ፣ እንደ ተፈጥሮው የሚይዘው ግን የመንደር ጨዋታ መባሉ ነው። ካሊፎርኒያ እንኳ በጉንጉንና በድሬድ ምክንያት ሰውን ከሥራ ማግለልን በግልጽ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ትናንት ማለት እኮ ነው።

ለመሆኑ እኛስ? እዚሁ ሜሪላንድ ለሰርግ ሹሩባ የምትሠራልን እህት ወገቧ እስኪቆረጥ ስትጎነጉን ትውላለች። ሒሳብ ላይ ስንደርስ «የሀገሬ ልጅ፣ ትንሽ ቀንሺልኝ እንጂ» እንላታለን። ፀጉር ለማለስለስ የተጠየቅነውን ግን ካርድ አውጥተን፣ ጉርሻ ጨምረን እንከፍላለን።