ስለ ምክቶሽ ዱላ ምርጫ

ባለፉት እትሞች ስለ ግጥምና ስለ ናፍቆት ብዙ ስለ ተጻፈ፣ በዚህኛው ስለ ዱላ ብጽፍ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ዱላ ሲባል ጠብ ብቻ ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም። እኔ የምለው ግን የጨዋታውን፣ የምክቶሹን ዱላ ነው። ምክቶሽ፣ ስሙ ራሱ እንደሚነግረን፣ መከተ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው በዱላው ወይም በጋሻው ይመልሳል፤ ጎበዝ የሚባለውም ብዙ የመታው ሳይሆን ብዙ የመከተው ነው። በፈረስ የሆነ እንደ ሆነ ጉግስ ይባላል፤ በዚያ ዘንጉ ይወረወራል። እኛ ፈረስም ሜዳም ስለሌለን እሱን እንተወው።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። የካምፓችን ወጣቶች ዘንድሮ ለጥምቀት፣ ጥር 11 ቀን፣ ምክቶሽ እንጫወት ብለው ሽማግሌዎችን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ወዲያው እሺ አላሉም፤ አልፈርድባቸውም። እኛ እዚህ የተሰበሰብነው ከአንድ አገር ነው ቢባልም ከአንድ ሰፈር አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የመጣው ከዚያ በፊት ከመጣው ጋር፣ ከሰሜን የመጣው ከምሥራቅ ከመጣው ጋር አንድ ቧንቧ ላይ ይሰለፋል፤ ሁሉም የየራሱን ቁስል ይዞ። ጎረምሳ ዱላ ይዞ ሲሮጥ ያየች እናት ልጇን ወደ ውስጥ ብትጎትት ምን ይገርማል? በዚያ ጉባኤ ላይ ከቧንቧው በታች የሚኖሩት እናታችን ተነሥተው፣ «ዱላው ዐይን የማያጠፋ፣ ራስ የማይፈነክት መሆኑን አንድ ሰው ይቁምልን። ያ ሰው ከሌለ ጨዋታውም ይቅር» አሉ። አባቴ በጎጃም ዘንግ ቆራጭና አቃኝ ስለ ነበረ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። 15,000 ፍራንክ ተዋጥቶ ተሰጠኝና ስምንት ዱላ መርጬ እንዳመጣ ጅቡቲ ከተማ ተላክሁ።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ምሽት አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ዱላ ምን ያደርግልናል? ይህን እዩት» አለኝ። ፈረንጆች ፊታቸውን በወንፊት መሰል ጭምብል ሸፍነው በረጅም ቀጭን ሻሞላ ይጋጠማሉ። ራፒየር ይሉታል። በ16ኛውና በ17ኛው ምእት ዓመት በስፔንና በጣሊያን መኳንንት ወገብ ላይ ይንጠለጠል የነበረ፣ ምላጩ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ከመቁረጥ ይልቅ ለመውጋት የተሠራ መሣሪያ ነው። ሪዶልፎ ካፖ ፌሮ የተባለ ጣሊያናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1610 ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አሳትሞበታል፤ የዛሬዎቹ ፈረንጆችም እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት እያገላበጡ የጠፋባቸውን ጥበብ መልሰው እየተማሩ ነው። እኛ ከአባቶቻችን እጅ የተቀበልነውን እነሱ ከወረቀት ላይ መልቀም ግድ ሆነባቸው። ይህን ሳስብ ለእነሱ አዘንኩ፤ ቀጥሎም የእኛ ልጆች ከስልክ ላይ ሲለቅሙ አይቼ ኀዘኔን ወደ ቤቴ መለስኩት።

ሆኖም ልጁ ያገኘውን ትምህርት አልናቅሁትም። ለልምምድ የሚሆን ጠንካራ ሻሞላ እንዴት እንደሚመረጥ በሚገባ ተረድቶ ነበር። ስለቱ የደነዘ ብቻ ሳይሆን ጠርዙ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር የወፈረ ይሁን፤ ቀጭን ጠርዝ ብረት በብረት ሲመታ እንደ መጋዝ ይጎረዳልና። ጫፉ ተድቦልቡሎ በጎማ ወይም በቆዳ ይሸፈን። ምላጩ ወደ እጅ በኩል ግትር፣ ወደ ጫፍ በኩል ተጣጣፊ ይሁን፤ ግትሩ ለመመከት፣ ተጣጣፊው የተወጋውን ሰው ለመማር ነው። እጀታው ተፈትቶ የሚገጠም ቢሆን ይመረጣል፤ ምላጭ ዛሬም ሆነ ነገ መሰበሩ ስለማይቀር ምላጩን ብቻ ለመለወጥ ይቻላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ 300 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፤ በእኛ ሂሳብ ከ53,000 ፍራንክ ይበልጣል። አንድ ሻሞላ ደግሞ ብቻውን አይጋጠምም።

ልጁም ይህን ስላወቀ ሌላ ዘዴ አስቦ ነበር። ከግንባታ የተረፈ ባለ ስምንት ሚሊ ፌሮ ቆርጠን፣ እጀታ በብየዳ አስይዘን፣ ጫፉን አድቦልቡለን እንሥራው አለ። በዚህ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ፌሮ ክብደቱ በሜትር 400 ግራም ገደማ ስለሆነ በእጅ ቀላል ነው፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ለልምምድ የሚሆን ብረት ደረት ሲነካ ጎብጦ ወዲያው መመለስ አለበት። ፌሮ ግን ለምሰሶ የተሠራ ነውና በቀላሉ አይጎብጥም፤ ከጎበጠም እንደ ጎበጠ ይቀራል። ሰውን ሲወጋ የሚሸነፈው ብረቱ መሆኑ ቀርቶ ሰውዬው ይሆናል ማለት ነው። ተመልሶ የሚቃናው የባሌስትራ ብረት ነው፤ ያም ቢሆን በእሳት ግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ካልተመጠነ እንደ መስተዋት ይሰበራል። ብየዳ ደግሞ ያን ምጥን ያበላሸዋል። ስብራቱ የሚመጣው ከብየዳው አጠገብ፣ ከእጅ በላይ ነው።

ስብራት ምን እንደሚያደርግ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ1982 ሮም ላይ ነው። ቭላዲሚር ስሚርኖቭ የሶቭየት ኅብረት ተወዳዳሪ፣ በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ሰው ነበር። በዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ላይ ሳለ የተጋጣሚው ምላጭ ተሰበረና ስባሪው ጭምብሉን በስቶ ገባ፤ ስሚርኖቭም ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፈ። ተጋጣሚው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። የሻሞላ ስፖርት ጭምብልም ሆነ ምላጭ ከዚያ ወዲህ ነው የጠነከረው። ይህን ለልጁ ስነግረው ዝም አለ። የዓለም ሻምፒዮና ጭምብል ያልመለሰውን የእኛ ምን ይመልሰዋል? እኛ ጭምብል የሚባል ነገር እንኳ የለንም። «እሺ ጋሼ፤ ዱላ ይሁን፤ ግን ደኅና ዱላ» ብሎኝ ተነሣ።

በነጋታው ከተማ ገባሁ። ለነገሩ ጅቡቲ ለጎራዴ እንግዳ አይደለችም። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1886 ጠመንጃ አስጭኖ ወደ ንጉሥ ምኒልክ የተነሣው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከታጁራ ነው። የመኳንንቶቻችን ጎራዴዎች፣ ሞዐ አንበሳ የተቀረጸባቸው ሳይቀሩ፣ ብዙዎቹ ምላጫቸው ጀርመን አገር ዞሊንገን በምትባል ከተማ የተሠራ ነው፤ ከአውራሪስ ቀንድ የሆነውን እጀታ ግን አገራችን ላይ ነበር የሚገጥሙላቸው። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ጅቡቲ ዋና በራችን ሆነች። በምኒልክ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ ዛሬ የነጻነቱን ቀን፣ የ27 ሰኔ 1977ን ስም ይዟል፤ ሕዝቡ ግን አሁንም ምኒልክ ነው የሚለው። በዚያ በኩል ሳልፍ የሚሸጠው ቡናና ቀዝቃዛ ውኃ ነበር።

ዱላ የሚገኘው ሌ ኬስ በሚባለው ገበያ ነው። ለቱሪስት የሚሸጠውን ጌጠኛ ከዘራ ዘልዬ ወደ አርብቶ አደሩ ዱላ ሄድሁ። ሱማሌዎች ሀንጎል የሚሉት፣ ጫፉ ቆልማማ የሆነ፣ እሾህ ለመጎተት የሚረዳ ዱላ አለ፤ ለሥራው ግሩም ነው፣ ለምክቶሽ ግን ቆልማማው የሰው እጅ ይይዛል። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከጀርባው የሚያብለጨልጭ ዱላ አውጥቶ አሳየኝ። ወይራ ነበር! አገሬን ሳሸት ዐይኔ እንባ አቀረረ። ከየት መጣ ብለው ከዳይ ጫካ አለኝ። ዳይ ከታጁራ ማዶ ጎዳ ተራራ ላይ ያለ፣ ጽድና ወይራ የሚበቅልበት፣ በዚች ደረቅ አገር የቀረ ብርቅ ደን ነው፤ ጽዱም በብዛት እየደረቀ ነው። ስለ ማገዶ ከአካባቢው ሰው ጋር ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅን እናንተም ታውቃላችሁ። ለጨዋታ ብለን የሰው ተራራ ላይ የቀረውን ወይራ ብንገዛ ምን ፊት ይኖረናል? መለስኩለት። በዚያም ላይ ወይራ ለምክቶሽ ጀማሪ አይሆንም፤ ከባድ ነው፣ አይሰበርም፣ ስለማይሰበርም የሚሰበረው ሌላ ነገር ነው።

ቀጥዬ የመሣሪያ ሱቆችን አዳረስኩ። የመጥረጊያ እጀታ ከጥድ ጣውላ የተላገ ነው፤ ጭረቱ አግድም ስለሚያልፍ በመጀመሪያው ምት ጦር ሆኖ ይሰበራል። ይህን አደራ፣ ለልጆች እንኳ አትስጡ። የዶማ እጀታ ጠንካራ ቢሆንም አጭርና ወፍራም፣ ቆመጥ ነው። የውኃ ቱቦም አየሁ። ነጩ ግትር ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ተሰባብሮ ይበተናል፤ ጥቁሩ ተጣጣፊ ቱቦ ግን ምንም ቢደበደብ አይሰነጠቅም። ለሕፃናት ልምምድ ከእሱ ሦስት ሜትር ገዛሁ። ሽማግሌዎቹ ግን በጥምቀት ዕለት ቱቦ ይዞ የሚወጣ ጎረምሳ ቢያዩ ምን እንደሚሉ ገምቱ።

በመጨረሻ ፒኬ 12 የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ወደሚቆሙበት ሄድሁ። አንድ ሾፌር፣ የአገሬ ሰው፣ የሸራ መወጠሪያ ብሎ ያመጣው እስር ሽመል ነበረው። ከመተከል ቆላ ነው አለኝ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን የቆላው ሽመል ድፍን ነው። ድፍኑ ለዱላ፣ ባዶው ለአጥርና ለዘንቢል። ያ ሾፌር የሸጠልኝን ዋጋ አልናገርም፤ በስደተኛ ላይ አልነግድም ብሎ ግማሹን ስለ ማረኝ ሌሎች እንዳይጠይቁት።

አባቴ ያስተማረኝን ፈተና አንድ በአንድ አደረግሁ። መጀመሪያ ዱላውን ወደ ዐይን አስጠግቶ እንደ ጠመንጃ ማነጣጠር፤ ጠማማው ያኔ ይታያል። ቀጥሎ አንጓዎቹን መቁጠር፤ የተቀራረበ አንጓ ያለው ይመረጣል። ከዚያ የነቀዝ ቀዳዳና ዱቄት መፈለግ፤ በክረምት የተቆረጠ ሽመል ነቀዝ ይወደዋል፤ በበጋ የተቆረጠው ይቆያል። ከዚያ ጫፉን ድንጋይ ላይ ማንኳኳት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። መጨረሻ ላይ አንዱን ጫፍ መሬት አስነክቶ በሰውነት ክብደት መጫን። ከሠላሳ ዱላ ስምንቱን ለመለየት ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ፈጀብኝ፤ የሾፌሩ ረዳት «አባባ፣ ሙሽራ እየመረጡ ነው እንዴ?» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ሽመልን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት አሟሟቱ ነው። ሲያረጅ ለሁለት ተቆርጦ አይበርም፤ ርዝመቱን ይዞ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም ድምፁ ይለወጣል። ጉዳቱ ስንጣቂው እንደ መርፌ መሆኑ ነው። ጃፓኖች በኬንዶ ጨዋታቸው ሺናይ የሚሉትን ዱላ ከአራት የቀርከሃ ፍልጥ አድርገው በቆዳ ያስሩታል፤ ተጫዋቹም ከመጋጠሙ በፊት ስንጣቂ እንዳለው ይፈትሸዋል። እኔም ከብስክሌት ሠሪ አሮጌ ከመነዳሪ ለምኜ በስሱ ቆራርጬ ዱላዎቹን ሁለቱን ጫፍና መካከላቸውን አጥብቄ ጠመጠምኩ።

የመልሱ መንገድ አስግቶኝ ነበር። ስምንት ዱላ ይዞ አውቶቡስ የሚሳፈር ስደተኛ ምን ይባላል? በሰሌን ጠቅልዬ አሰርኩት። ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ አስፈታኝ። የአውቶቡሱ ረዳት በሱማልኛ ስለ በዓሉ አስረዳው። ፖሊሱ አንዱን መዝዞ እንደ ግመል እረኛ በትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ሰቀለበት፤ ጥቂት ተንጎራደደና ሣቀ፤ መለሰልኝም።

እዚህ ከደረስኩ በኋላ የቀረው ማሸት ነበር። አገር ቤት ቅቤ ነው፤ እዚህ ከራሽኑ ዘይት ቀንሱ ብል የሚሰማኝ የለም፣ ዘይቱም ያጣብቃል። ከሥጋ ሻጩ ትንሽ ሞራ ለምኜ በጨርቅ በስሱ አሸኋቸው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ዱላውን ፀሐይ ላይ አታቁሙት፣ ከድንኳኑ ጥላ ሥር አጋድሙት። ጋሻዎቹን ወጣቶቹ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጠው፣ ሁለቱን ደርበው ሰፍተዋቸዋል፤ ከጠበቅሁት በላይ ሆነው አገኘኋቸው።

ዱላዎቹን ለእናታችን ሳስረክብ አንዱን ብድግ አድርገው ቧንቧው ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ በኃይል መቱት። ሰማነው፤ አልተለወጠም። ሌላውን መቱ፤ እሱም ደኅና። አምስተኛው ላይ ቆም አሉና «ይኸኛው አጉረመረመ» አሉ። ከመነዳሪውን ፈትተን ብናይ ከአንጓው አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ ከምታቸው የመጣች ይሁን ከመንገዱ እግዜር ይወቅ። ያ ዱላ አሁን የእሳቸው ልብስ ማስጫ ነው። ሰባቱ እሳቸው ቤት፣ ከአልጋቸው ሥር ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይወጡም።

ልምምዱ ማክሰኞና ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከቧንቧው ጀርባ ባለው ሜዳ ነው። መውጋት የለም፤ ከትከሻ በላይ መምታት የለም። ከየትኛውም ክፍል የመጣ ወጣት መግባት ይችላል፤ እስካሁን አሥራ አንድ ተመዝግበዋል፤ ሁለቱ አማርኛ አይችሉም፣ ግን መመከት ይችላሉ። ጀሪካን ያለው ሰው ቢያመጣልን ጋሻ ጎድሎናል።