ኦስተርቤክ፦ መመለሻ ያልነበራቸው መድፎች

በሆላንድ አገር ከአርነም ከተማ ወደ ምዕራብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኦስተርቤክ ከምትባል ዛፍ የበዛባት መንደር ይደርሳል። ከመንደሪቱ በስተ ደቡብ፣ ምድሩ ወደ ራይን ወንዝ ዝቅ በሚልበት ስፍራ፣ አንዲት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ወለድ ጦር መድፎች የተተከሉት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር።

መድፍን የሚያህል ከባድ ነገር ከሰማይ እንዴት ይወርዳል? ያወረደው ሆርሳ የተባለው ሞተር የሌለው አይሮፕላን ነው። ሆርሳ ከእንጨት የተሠራ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሠሪዎቹም መካከል በሰላም ጊዜ የቤት ዕቃ ይሠሩ የነበሩ ፋብሪካዎች ነበሩ። ባለ ሞተር አይሮፕላን በገመድ እየጎተተ ያመጣዋል፤ ከስፍራው ሲደርስ ገመዱ ይለቀቃል፤ ከዚያ ወዲያ መውረድ እንጂ ተመልሶ መነሣት የለም። ወታደሮቹም የጅራቱን ክፍል ፈትተው መድፉንና ጂፑን ያወጣሉ። ይህ ባለ 75 ሚሊ ሜትር የአሜሪካ መድፍ አስቀድሞ የታሰበው ተፈታትቶ በበቅሎ ጀርባ ተራራ እንዲወጣ ነበር። የበቅሎው ጭነት የክንፍ ጭነት ሆነ ማለት ነው።

መስከረም 7 ቀን 1937 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1944) የመጀመሪያዎቹ በቮልፍሄዘ አቅራቢያ ባለው ሜዳ ወረዱ፤ የቀሩትም በማግሥቱ ተከተሉ። ክፍለ ጦሩ 24 እንዲህ ያሉ መድፎች ነበሩት። የአርነምን ድልድይ የያዙት ጥቂት ወታደሮች በራዲዮ ሲጠሩ፣ መድፎቹ ከኦስተርቤክ ሆነው ይተኩሱላቸው ነበር። ነገር ግን ከደቡብ ይመጣል የተባለው የምድር ጦር በጊዜው ስላልደረሰ ድልድዩ ተመልሶ በጀርመኖች እጅ ገባ። የቀሩትም በኦስተርቤክ ወንዙን ከኋላ አድርገው በሦስት ወገን ተከበቡ።

መድፍ ያለበትን ስፍራ የጠላት መድፍ ይፈልገዋልና፣ መከራው ለመንደሪቱም ተረፈ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ አጠገብ ያለው የወይዘሮ ካተ ተር ሆርስት ቤት የቁስለኞች መጠለያ ሆነ። እመቤቲቱም አምስት ልጆቻቸውን በምድር ቤት አስቀምጠው ቁስለኞቹን ያጽናኑ፣ የዳዊትንም መዝሙር ያነቡላቸው ነበር።

መስከረም 15 ሌሊት የተረፉት በጀልባ ወንዙን ተሻገሩ። ከመጡት 10,000 ያህል ሰዎች የተሻገሩት 2,400 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ለመድፎቹ ግን መሻገሪያ ስላልነበረ በዚያው ቀሩ። የአርነምም ሕዝብ በጀርመኖች ትእዛዝ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያኒቱ ታድሳ ቆማለች። በኦስተርቤክ ባለው የጦር መካነ መቃብር ከ1,700 የሚበልጡ ሰዎች አርፈዋል። በየዓመቱ በመስከረም ወር የአካባቢው ተማሪ ቤት ልጆች ወደዚያ ሄደው በየመቃብሩ ላይ አበባ ያኖራሉ።