ለቅሶ ደራሽ ለሌለው ሐዘን

እታለሜ፣

ትናንት በስልክ «ደህና ነኝ» አልሽኝ። ድምፅሽ ግን ደህና አልነበረም። ስዘጋው እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ተነስቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ግን ጨንቆኛል። የማውቀው ቃል ሁሉ አነሰብኝ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ብቻውን የሚያለቅስ የለም። ድንኳን ይተከላል። ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራ ተሸክሞ ይመጣል። የሚናገረው የሌለው ሰው እንኳ ገብቶ አጠገብሽ ይቀመጣል፤ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይወጣል። ላንቺ ግን ማንም አልመጣም። ልጅሽ አለ፣ ተመስገን። ይሮጣል፣ ይስቃል፣ መልኩም ያማረ ነው። ታዲያ ሰዉ ምን ብሎ ይምጣ? አንቺም «ልጅ እያለኝ ብከፋ እግዜርን ማስቆጣት ነው» እያልሽ እንባሽን ትውጪዋለሽ።

አልቅሺ፣ እቴ። ስላለቀስሽ ልጅሽን አልጠላሽውም። እግዜርም አይቆጣም።

«እማዬ» እስኪልሽ ጠበቅሽ። ሁለት ዓመት አለፈ፣ ሦስት፣ አራት። ከእሱ በኋላ የተወለዱት የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ አፋቸውን ፈቱ። አማትሽ «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» ይሉሻል። ደግ ናቸው፤ ሊያጽናኑሽ ነው። ሌሊት ብቻሽን ስትነቂ ግን ያ አይበቃም።

ቤትሽ ያደርኩ ጊዜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ልጁ ቆርኪዎቹን ከበሩ ደፍ ላይ በተርታ ደርድሮ ነበር። አንዲት እንግዳ ስትገባ ቀሚሷ አንዱን ገለበጠው። ጮኸ፣ ራሱን መታ። አንቺ ምንም ሳትናገሪ ተንበርክከሽ ያንኑ ቆርኪ ከነበረበት፣ ጥርሱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገሽ መለስሽለት። ዝም አለ። የትኛው በየት በኩል እንደዞረ በምን አወቅሽ? እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ሳይ ነበር፤ አላስተዋልኩም።

የሩዝ መፈልፈያው ሲነሳ ጆሮውን ይዞ ይሸሻል። የወረታን ልጅ ከሩዝ መፈልፈያ ወዴት ያሸሹታል! ሩዙን ራሱን ግን ይወደዋል። ከአውድማ የገባውን እየዘገነ በጣቶቹ መሃል ሲያፈስ ይውላል። የሚበላውም ነጭ ሩዝ ብቻ ነው፤ ወጥ ከነካው አይቀምሰውም።

ክረምቱ ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለው። ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲተኛበት፣ ለሩዙ ይሆናል ብሎ ብዙው ሰው አይጠላውም። አንቺ በሩን በገመድ ታስሪያለሽ። ልጁ ውኃ ይወዳል፤ አደጋ አያውቅም። እሱ ካልተኛ አንቺም አትተኚም። ጠዋት እንደ ሌላው ሰው ተነስተሽ እሳት ታነጃለሽ።

«ቡዳ ነው» ያለሽ አለ። «እርጉዝ ሳለሽ ምን ነክተሽ ነው?» ያለችሽም አለች። ጠበል ወስደሽዋል፤ ደግ አደረግሽ፤ ልብሽ የሚያርፍ ከሆነ ደግመሽ ውሰጂው። ያን ጥያቄ ግን አትሸከሚው።

እናትን መክሰስ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. እንደ ልጅሽ ስላሉ ልጆች፣ ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ፣ ብዙ የተማሩ ሰዎች «እናትየዋ ፍቅር ስለነፈገችው ነው» ሲሉ ኖሩ። በ1964 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፎ የሞገታቸው በርናርድ ሪምላንድ የሚባል፣ እሱም እንዲህ ያለ ልጅ የነበረው አባት ነው። ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር እንጂ ከእናት ጥፋት እንዳልሆነ ዛሬ ይታወቃል። እስከዚያ ድረስ ስንቷ እናት ራሷን ስትረግም ኖረች!

የእኛዋን ዘሚ የኑስንም አስቢያት። ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ የምታስተምር ሴት ነበረች። ልጇ ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚይዝላት ትምህርት ቤት አጣች። በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ልጆቻቸውን ቤት ደብቀው የነበሩ እናቶች ወደ እሷ መጡ። በ2013 ዓ.ም. አረፈች።

ይህን የምነግርሽ እንደ እሷ ተነሺ ልልሽ አይደለም። ማን ማዕከል ክፈቺ አለሽ? ልጅሽን ቁርስ ማብላት ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እሷም አንድ ሰሞን እንደ አንቺ ግራ ገብቷት ነበር ልልሽ ነው እንጂ።

ባልሽ ዝም ማለቱ ከፍቶሻል። እውነትሽን ነው፤ ያስከፋል። የእሱም ሐዘን ግን እርሻው ላይ የሚወጣለት ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ።

ልጁ ረከቦት ገልብጦ ስኒ ከተሰበረ ወዲህ ቡና መጠራት ትተሻል አሉኝ። አልፈርድብሽም። እስኪያሰኝሽ ድረስ ቅሪ።

እኔ እመጣለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ከባሕር ዳር በሚኒባስ እነሳለሁ። ቤት አትጥረጊ፣ ወጥ አትሥሪ። ቡናውን ቆልቼ ወቅጬ ይዤ እመጣለሁ፤ ስኒውም የሚሰበር ከሆነ ይሰበር። ማውራት ካላሰኘሽ አናወራም። መተኛት ካማረሽ ተኚ፤ በሩን እኔ እጠብቃለሁ።

መልስ ለመጻፍ አትጨነቂ። ቅዳሜ ካልተመቸሽ እሑድ ይሁን።

እህትሽ