ትልና ሥፍራው

አንድ ቀን ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አቀርቅሮ የትል ሥዕል ሲገለብጥ አገኘሁት። እሱ የሳይንስ ተማሪ ነው፤ እኔ የሥነ ጽሑፍ። ሌሎቹ ይሰሙ ዘንድ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የአገር ገንዘብ የሚወጣብህ ለትል ነው?» አልሁት። ሁሉም ሣቁ። እሱ ግን ዝም አለ። በክፍል ውስጥም ካልጠየቁት አይናገርም፤ እኔም ይኸን ከድንቍርና ቈጥሬበት ነበር።

መብራት ከጠፋ በኋላ ግን ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ስማ እንጂ፤ ትሉ የት እንደሚኖር ታውቃለህ?» ብሎ ይነግረኝ ጀመር።

አዶልፍ ሬማኔ የተባለ ጀርመናዊ በኪል የባሕር ሰላጤ ስለሚኖሩ ደቃቅ እንስሳት በ1933 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናት አወጣ። ማዕበል የሚሰበርበትን፣ አሸዋው ከቶ የማያርፍበትን የዳርቻ መስመር፣ በዚያ በሚበዙት ጠፍጣፋ ትሎች ስም የኦቶፕላና ቀጠና ይሉታል። ትሎቹ ጥቂት ሚሊሜትር ቢረዝሙ ነው። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ይሾልኩ ዘንድ ሰውነታቸው እንደ ክር የቀጠነ ነው። ከሆዳቸው በታች ያሉት ደቃቅ ፀጉሮች እንደ መቅዘፊያ ያስሮጧቸዋል። ማዕበሉ እንዳይወስዳቸው ሙጫ እያመነጩ ከቅንጣቱ ይጣበቃሉ፤ መሄድ ሲሹ ይላቀቃሉ። በራሳቸው ውስጥ ያለችው ኢምንት ጠጠርም ላይና ታችን ትነግራቸዋለች።

ውሃው ረግቶ አሸዋው በጭቃ ሲተካ ግን መሹለኪያ ቀዳዳ የለም። በዚያ የሚኖሩት ጠፍጣፋ ትሎች በጭቃው ገጽ ላይ የሚሳቡ ወይም ጭቃውን ገፍተው የሚገቡ ናቸው፤ ብዙዎቹም አጠር ደልደል ያሉ ናቸው።

«እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» አለኝ።

ዝም አልሁ።

«‹የት ላይ?› ብለህ መጠየቅ ነበረብህ» ብሎ ተኛ።

እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ያደግሁት ልጅ ሲናገር «አንደበተ ርቱዕ!» እየተባለ በሚመሰገንበት ቤት ነው። እሱ ያደገው ታላቅ ሳይጨርስ ታናሽ አፉን በማይከፍትበት መንደር ነው። የሱን ዝምታ በኔ ቤት ሚዛን መዝኜ ቀላል ነው አልሁ።

በርግጥ ሰው ትል አይደለም። የትሉን ቅርጽ ያወጣው የአእላፍ ትውልድ መራባትና መሞት ነው፤ ሰው ግን በአንድ ዕድሜው ይማራል፣ ይለወጣል። ይህም ጥፋቴን ያከብደዋል እንጂ አያቀልልኝም። ትሉ ከሱ ቀጠና ውጭ ምን እንዳለ ማወቅ አይችልም፤ እኔ ግን አንድ ክንድ ርቆ የተኛውን ጓደኛዬን መጠየቅ እችል ነበር።

በማግሥቱ በቁርስ ገበታ ላይ፣ በሣቁት ጓደኞቻችን ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። «ግድ የለም» አለና ያላለቀውን ሥዕል ይዞ ወደ ትምህርቱ ሄደ።

እናንተስ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በአጠገባችሁ የተኛው ዝምተኛ ከየት እንደ መጣ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁን?