ሐይቁ የሸሸበት መሬት

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ዝዋይን፣ የዛሬዋን ባቱን፣ አልፎ፣ ላንጋኖን በግራው ትቶ ጥቂት እንደ ነዳ በስተቀኙ የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በር ይገጥመዋል። ከመዲናዋ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐዋሳ ደርሶ ዓሣ ለመብላት የቸኮለው ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ያልፋል። ፓርኩ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሲከለል ከግማሽ በላዩ ውኃ ነበር። “ነበር” ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤት ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ በእሳተ ገሞራ በሰመጠ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሲሆን ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ይደርሳል። አቢጃታ ግን ጥልቀት የለውም። የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ ወንዝ በሚመጣለት ውኃ ነው። ወደ ላይ ለመስኖ ሲሳብ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ፣ ሐይቁ ወደ ኋላ ሸሸ። ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው ጠፋ፣ ዓሣ አዳኞቹ ፔሊካኖችም ምግባቸውን ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ ይበሩ ጀመር።

ሐይቁ ትቶት የሄደው መሬት ከሩቅ ሲያዩት አስፋልት ያስንቃል። ሜዳ ነው፣ ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው። ነገር ግን ላዩ ብቻ እንደ ነደደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱን ሲጫኑት ከሥሩ ሊጥ ይወጣል። መኪና የሚውጠውም ይኸው ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ወደዚያ የሄድነው ስድስት ሆነን ነው፦ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ እኔና ከጀርመን ለእረፍት የመጣው ታናሽ ወንድሜ። ወንድሜ እዚያ አገር ሰዎች አልጋና ማእድ ቤት ባለው መኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሲያድሩ አይቶ ቀንቷል። እኛም ቤት የቆመውን አሮጌ ሚኒባስ የኋላ ወንበሮች አስነቅሎ፣ በኮምፔንሳቶ አልጋ ሠርቶ፣ የጋዝ ምድጃና ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ጭኖ “ካምፐር” አደረገው። አልጋውን ለሁለት ሳምንት በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሰው ነበር።

ከበሩ ላይ አንድ ስካውት ተሰጠን። በዕድሜ የገፉ፣ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ያነገቱ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሰጎኖቹንና የሜዳ ፍየሎቹን አይተን ወደ አቢጃታ ስንወርድ፣ ውኃው ገና በሩቅ እያለ መኪናውን አስቆሙት።

“ከዚህ ወዲያ በእግር ነው።”

ወንድሜ ነጩ ሜዳ ላይ ወደ ውኃው የሚሄደውን የጎማ ዱካ አሳያቸው። “ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ገብተዋል።”

“ሲገቡ ነው ያየኸው፤ ሲወጡ አላየህም” አሉት።

በእግራችን ሄድን። ፍላሚንጎዎቹ ዳር ዳሩን ሐምራዊ ጥለት መስለው ቆመዋል። ልጆቹ እየቆጠሩ ሳለ ከአርሲ ተራሮች በኩል የመጣ ደመና ሃያ ደቂቃ ያህል ዘነበብንና አለፈ። መኪናችን ውስጥ ገብተን በመጣንበት መንገድ መመለስ ጀመርን። ያ መንገድ ስንመጣ ዱቄት የመሰለ አቧራ ነበር። ዝናቡ ዱቄቱን አቡክቶታል። አንዲት ዝቅ ያለች ቦታ ላይ ስንደርስ የቀኙ የኋላ ጎማ ሰመጠ። ሰዓቱ 10 ተኩል ነበር።

ወንድሜ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው በቦታው ዞረ፤ መኪናው አንድ ስንዝር ወረደ። ደገመ፤ ሌላ ስንዝር። ስካውቱ በሩን በጡጫ ደበደቡ። “ተው! አጥፋው! መቃብር እየቆፈርክ ነው!”

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። የሚኒባሱን ጉልበት ወደ መሬት የሚያደርሱት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው። ዲፈረንሻሉ ደግሞ አንዱ ጎማ የሚይዘው ሲያጣ ዙሩን ሁሉ ለእሱ ይሰጣል። ደረቅ መሬት ላይ ያለው የግራ ጎማ ዝም ብሎ ቆሞ፣ ጭቃ ውስጥ ያለው ብቻ ይሽከረከራል። ነዳጅ በሰጡ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ሻንሲው መሬት ከነካ ደግሞ ጎማዎቹ ክብደት አጥተው ጨርሶ አይዙም።

የስልክ ኔትወርክ አልነበረም። ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ቀርቷታል። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ የማታ መርፌዋ ላንጋኖ ካረፍንበት ቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አልተናገረውም።

ከብት የሚጠብቁ አራት ልጆች ከየት መጡ ሳይባል ደረሱ። አንደኛው ሳይጠየቅ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ግራሩ ሄደ። አገራችን ውስጥ መኪና ሲያዝ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጎማው ሥር መጎዝጎዝ። ስካውቱ በኦሮምኛ ጮኹበትና ልጁ ቆመ። የፓርኩ ግራር ለከሰል እየተቆረጠ ማለቁን ማንም መንገደኛ ያያል። “በተያዘ መኪና ቁጥር አንድ ዛፍ ከቆረጥን የምጠብቀው ምን ይቀረኛል?” አሉን። “የያዛችሁትን አውጡ።”

አወጣነው።

መጀመሪያ የወረደው ሰው ነው። ስካውቱ እናቴን “ሃርሜ፣ እርስዎም ይውረዱ” ብለው እጇን ይዘው አወረዷት። ቀጥሎ ዕቃው። 60 ሊትር ውኃ 60 ኪሎ ነው። ልናፈሰው ስናዘነብል እረኞቹ ተንጫጩ፤ የሁለቱም ሐይቆች ውኃ አይጠጣም፣ ንጹሕ ውኃ የሚቀዱት ከሩቅ ነው። በጀሪካኖቻቸው ገለበጡት። የጋዙ ሲሊንደርና ሻንጣዎቹም ወረዱ።

ሁለተኛ፣ አየር። ወንድሜ የጎማዎቹን ቫልቭ ተጭኖ በጌጅ እየለካ ከ45 ወደ 25 አወረዳቸው። አየሩ የቀነሰ ጎማ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ይበልጡን ወደ ርዝመቱ ይተኛል። መሬቱን የሚነካው ገጽ ሲሰፋ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ መስመጡም ይቀንሳል። በባዶ እግርና በሹል ጫማ ጭቃ ላይ እንደ መሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ ክሪክ። ለስላሳ መሬት ላይ ክሪክ መኪናውን አያነሳም፤ ራሱ ይሰምጣል። ከሥሩ ጣውላ ያስፈልገዋል። ሁላችንም ወደ አልጋው አየን። ወንድሜ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ ካቻቪቴውን አምጥቶ ራሱ ይፈታው ጀመር። አንዱ ቁራጭ ለክሪኩ መቀመጫ ሆነ። ጎማው ሲነሳ እረኞቹ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞሉት። የቀሩት ሁለት ሰፋፊ ቁራጮች ከጎማዎቹ በስተኋላ ተነጠፉ፤ እንዳያንሸራትቱም የመኪናው ምንጣፍ ተደረበባቸው። ጭቃውን በአካፋ ጠርገን መውጫውን ዳገት ሳይሆን ተዳፋት አደረግነው።

ወደ ኋላ እንውጣ የተባለው የመጣንበት ዱካ አስቀድሞ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ነው። መሪው ቀጥ ተደረገ። ስካውቱ ጎማ የረገጠው ጣውላ ሊወነጨፍ ስለሚችል ሁላችንንም ከመኪናው ፊትና ኋላ አስለቀቁን። ወንድሜ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ። የቀኙ ጎማ ሊሽከረከር ሲል የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳብ አደረገ። ያ ፍሬን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ስለሚይዝ፣ የሚሽከረከረው ሲገታ ጉልበቱ ለግራውም ይደርሰዋል። ኮምፔንሳቶው ተንቋቋ። መኪናው ተወዛወዘ፣ ወጣ፣ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝም አልቆመም። ልጆቹ ከእረኞቹ ጋር ጨፈሩ።

ዝቅ ያለችውን ቦታ በድንጋያማው ጥግ ዞረን አለፍናት። አየሩ ዝቅ እንዳለ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሳንበልጥ፣ መሪውን በኃይል ሳንጠመዝዝ በሩ ድረስ ነዳን። አስፋልት ላይ እንዲህ መሄድ ጎማውን አግሎ ሊያፈነዳው ስለሚችል፣ በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት በሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር አራቱንም ሞላናቸው። እናቴ መርፌዋን ስትወጋ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከቤተሰብ ጋር ከአስፋልት የሚወጣ አንባቢ አካፋ፣ የጎማ ጌጅ፣ ኮምፕረሰር፣ ሁለት ጠንካራ ጣውላና የመጎተቻ ገመድ ይያዝ። በገመድ የሚጎተት ከሆነ ገመዱ ሻንሲው ላይ ባለው መንጠቆ ይታሰር፤ ሲበጠስ ሰው ስለሚመታ ሕፃናት ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቁ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውየው አይለይ፤ እኛ አሁን ለእናቴ በረዶ መያዣ ሳጥን ገዝተናል።

በማግስቱ ጠዋት ከሻላ ዳር ፍል ውኃው ዘንድ ሄደን፣ በሚፈላው ምንጭ የተቀቀለ በቆሎ በላን። ስንመለስ ስካውቱ ሁለቱ ሐይቆች አንድ ላይ ከሚታዩበት ኮረብታ አወጡን። ሻላ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ጥጉ ድረስ ሞልቷል። አቢጃታ ነጭ ቀለበት መሐል ተቀምጧል። ልጄ ቀለበቱን እያሳየች “ይሄ ሁሉ ውኃ ነበር?” አለቻቸው።

“እኔ ልጅ ሳለሁ ከብት ስጠብቅ እዚያ ድረስ ነበር” አሉና በጠመንጃቸው አፈሙዝ ትናንት መኪናችንን ያስቆሙበትን ቦታ አሳዩዋት።